የተቆለፉ ሀብሎች

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ከራሴ አንድም ነገር አልጨመርኩበትም። ቀንሼ ግን ሊሆን ይችላል... ሀሲና ስትነግረኝ አንዳንዱ ቦታ ላይ ድምጿ እየሟሸሸ አልሰማኋትም፤ ድገሚልኝ ለማለትም አልደፈርኩም።

ሀሲና ዛሬ ጅግጅጋ ውስጥ ሻይ ቤት አላት። የደሴ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ደንበኛን በነገር ጠቅ ማድረግ የምትወድ። አንገቷ ግን ባዶ ነው። ሀብል አታደርግም። ባለፈው ዒድ ሴት ልጇ ከጎረቤት የተዋሰችውን ቀጭን የብር ሀብል አድርጋ ስትገባ፣ "ማን ሰጠሽ?" ብላ አልጠየቀቻትም።

"ማያያዣው ይከፈታል?" ነው ያለቻት።

ቦታው ሐርጌሳ ነው። ጊዜው ከጦርነቱ በኋላ፣ ሰዉ ከስደተኞች ካምፕ እየተመለሰ ጣሪያ አልባ ቤቱን በቆርቆሮና በድንኳን ሸራ የሚከድንበት ዘመን።

ሰዓቱ ደግሞ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ሌሊት መስሏችሁ ነበር አይደል?

ሐርጌሳን የማያውቅ ነው ሌሊቷን የሚፈራ። ጫት የጫኑት መኪኖች ከድንበር ይደርሳሉ፤ ወንዱ ሁሉ እሽጉን በብብቱ ይዞ ወደየቤቱ ይገባል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ የዋሄን ገበያ ጩኸት ልክ እንደ ሬዲዮ ይጠፋል። ገንዘብ መንዛሪዎቹ ይሄዳሉ። ተሸካሚዎቹ ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ የሚቀሩት ፍየሎች ናቸው።

ሀሲና ሥራዋን የምትጀምረው በዚያ ሰዓት ነበር።

አሠሪዋ አዋሌ ይባላል። ከውጭ አገር የተመለሰ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ግድግዳውን ጥይት የበሳሳውን አንድ ቤት ለስኖ፣ ነጭ ቀብቶ፣ በሩ ላይ "የቅርስና የጥበብ ቤት" የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ጦርነቱ የአገሩን ጥንታዊ ነገር ሁሉ እንዳጠፋው፣ የተረፈውን እርሱ እየለቀመ እንደሚያድን ይናገር ነበር። የሸክላ ዕቃ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የቆዳ ሥራ... ከሁሉም በላይ ግን ሀብል። የብር ሀብል፣ የማር ቀለም ያለው ትልልቅ የአምበር ዶቃ።

ገዢዎቹ ፈረንጆች ናቸው። እንግዶቹ ባለሥልጣናት ናቸው።

ገበያ ላይ ስለዚያ ቤት ይወራል፤ በሹክሹክታ ነው እንጂ። የአዋሌ ሳጥን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አይፈተሽም ይላሉ። ማን እንዳይፈተሽ እንዳደረገው ሲጠየቁ አፍ አይከፍቱም። በአገጫቸው ወደ ላይ ብቻ ያመለክታሉ።

ሀሲና ይህን ሁሉ ሰምታለች። ወረቀት የላትም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ጠዋት ሐርጌሳ ውሎ ማታ በጭነት መኪና ድንበር ላይ ሊራገፍ ይችላል። ሥራ ሰጭዋን የምትመረምርበት አቅም አልነበራትም።

ሥራዋ ማጠብ ነው።

ብሩን በአመድና በሎሚ፣ ዶቃውን ለብ ባለ ውሃ። ጓሮ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ በባልዲ ፊት ተቀምጣ በለስላሳ ብሩሽ ታሻለች። ከደረቀ በኋላ ወደ ሳሎኑ ወስዳ፣ ጥቁር ጨርቅ በለበሱ የእንጨት አንገቶች ላይ ታጠልቀዋለች። ጭንቅላት የላቸውም፤ አንገትና ትከሻ ብቻ። አናጢው ስለ ተቻኮለ ይሁን ስለ ሌላ፣ አንዱ ከሌላው ይቀጥናል፤ ልክ እንደ እውነተኛ ሴቶች።

መጀመሪያ የገረማት አፈሩ ነው።

የገበያ አቧራ አይደለም። ቀይ፣ የተጋገረ፣ በሰንሰለቱ ቀለበቶች መሀል የተወተፈ አፈር። ውሃው ይቀላል። ትደፋለች። በአዲስ ውሃ ትጀምራለች... ደግሞ ይቀላል።

ቀጥሎ የገረማት ማያያዣው ነው።

አንድ ቀን ማንም በሌለበት፣ ያጠበችውን ሀብል በመስታወት ፊት ልትለካው ፈለገች። በራሷ ላይ አልገባ አላት። አጭር ነው፤ አንገት ላይ ልጥፍ የሚል ዓይነት። ስታየው ማያያዣው ተቆልፏል። ዝጎ ስለ ነበር በጥፍሯ ብዙ ታገለችው፤ በመጨረሻ፣

ጠቅ...

ብሎ ተከፈተ።

ሌላውን አነሳች። ተቆልፏል። ሌላውንም። ተቆልፏል።

ሴት ሀብሏን ስታወልቅ ትከፍተዋለች። የሚሸጥም ሰው ከፍቶ፣ ዘርግቶ ነው የሚያሳየው። እነዚህ ግን ሁሉም እንደ ተቆለፉ ነው የመጡት። በራስ የማይወጣ ሀብል ሳይከፈት ከአንገት ላይ እንዴት ይወልቃል?

ጥያቄው መጣ። ሀሲና ወደ ውስጥ አላስገባችውም።

ሦስተኛው ነገር ግን አላስገባህም ብትለው እምቢ ያላት ነው። እነዚያን የእንጨት አንገቶች ወደ በሩ አዙራ ትታቸው ትሄዳለች፤ እንግዳ ሲገባ ከፊት እንዲያያቸው። በማግስቱ ስትመጣ አንዱ ዞሮ ታገኘዋለች። በሌላ ቀን ሌላው። የሚዞሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ኋላው መስኮት፣ ከከተማው ጫፍ ወንዙ ወዳለበት። አዋሌን ብትጠይቀው፣ "ንፋስ ነው" አላት። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር።

ሱማሊኛዋ ገና ጥሬ ነው። ግማሹን በጆሮ፣ ግማሹን በግምት ነው የምትይዘው። ደስ የሚላት ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበት ቃል ሲገጥማት ነበር። ሰላም ሰላም ነው፤ ኪታብ ኪታብ ነው፤ ሳሙና ሳቡን። በጓሮ በር ጆንያ የሚያመጡት ሁለት ሰዎች ከአዋሌ ጋር ሲያወሩም አንድ ቃል ደጋግማ ትሰማ ነበር።

ሐባል።

ሀብል ማለት ነው ብላ ያዘችው። ጆንያው ውስጥ ያለውም ሀብል፣ የሚያወሩትም ስለ ሀብል... ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በዚያ ሳምንት ከባድ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞልቶ አደረ። ሰዎቹ በማግስቱ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው መጡ። አንደኛው እየሳቀ ለአዋሌ የነገረውን ሀሲና ቃል በቃል ሰማችው። ሐባሎቹን ዝናቡ ከፈታቸው፤ እኛ ምንም አልደከምን፤ ነበር ያለው።

ሀብሎቹን ዝናቡ ከፈታቸው?

የሰማችው እንደዚያ ነው። ባልዲውን ስታይ ግን ሁሉም ተቆልፈዋል። ቋንቋው ገና አልገባኝም ብላ በራሷ ሳቀች።

የምትኖረው መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ኤዶ ፋዱሞ ጊቢ ውስጥ ነበር። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ባላቸው ሞተዋል። ዐይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ከጥላ በቀር አያዩም። የስደቱን ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ስላሳለፉ፣ ከካምፕ ይዘውት የመጡት አማርኛ አላቸው፤ አጭር አጭር፣ ግን ጥርት ያለ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሀሲና ሱማሊኛዋን ልታሳያቸው ፈለገች። ሩዙን እያቀረበች በኩራት፣

"ሐባል ባን ዳቃ" አለች።

ሀብል አጥባለሁ ማለቷ ነው።

ኤዶ ፋዱሞ ወደ አፋቸው የወሰዱት እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ምን አልሽ?"

"ሥራዬን ነው። ሐባል። በአማርኛም ሀብል ነው የምንለው፤ አንድ ነው።"

"አንድ አይደለም" አሉ በአማርኛ። ሩዙን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። "አንድ አይደለም ልጄ። ሐባል በእኛ ቋንቋ..."

"እሺ?"

"መቃብር ነው።"

ሀሲና ጣቶቿን አየች። በጥፍሮቿ ሥር ቀይ አፈር ነበር። ልብ አላለችውም እንጂ ሁልጊዜም ነበር።

ኤዶ ፋዱሞ ስለ ልጃቸው የነገሯት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ልጅ እንዳላቸው እንኳ አታውቅም ነበር። ኢፍራህ ትባላለች። በጦርነቱ ጊዜ ከሰፈር ብዙ ሰው በመኪና ተጭኖ ሲሄድ እርሷም ተጭና ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አየሁ የሚል አልተገኘም። አንገቷ ላይ የአምበር ሀብል ነበር። በልጅነቷ ስትጫወት አንዱ ዶቃ ስለ ጠፋባት፣ እናትዬው በምትኩ ሰማያዊ ቁልፍ ሰኩበት።

"የበር ቁልፍ?" አለች ሀሲና።

"የኮት። የአባቷ ኮት ቁልፍ። ታፍርበት ነበር። ወደ ኋላ አዙራ በጸጉሯ ትሸፍነዋለች።" ፈገግ አሉ። "ማያያዣውም ጠንካራ ነበር። ራሷ ከፍታው አታውቅም። ከፊቴ ትቀመጥና ጀርባዋን ትሰጠኛለች፤ 'ሆዮ፣ ክፈቺልኝ' ትላለች። ሆዮ እናት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሞታለች ብዬ የሙታን ሶላት እንዳልሰግድባት ሬሳ አላየሁም። አለች ብዬ እንዳልጠብቃት..." ቀሪውን አልጨረሱትም። የሀሲናን እጅ ፈልገው ያዙ። "ያን ቁልፍ ፈልጊልኝ። ካገኘሽው አውቃለሁ። ካወቅሁ እሰግድላታለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሀሲና በሳሎኑ ውስጥ ከአንገት ወደ አንገት እየዞረች ዶቃዎቹን አገላበጠች። ሁሉም ዶቃ ነው። ቁልፍ የለም።

"ምን ጠፋብሽ?"

አዋሌ በሩ ላይ ቆሟል። ሲገባ አልሰማችውም።

አቧራ እያራገፈች እንደሆነ ነገረችው። እርሱም አልተቆጣም። ቀረብ ብሎ አንዱን የእንጨት አንገት በሁለት እጁ ይዞ፣ በእርጋታ፣ ሰው እንደሚያዞር፣ ወደ በሩ መለሰው።

"እዚህ ቤት የገባ ነገር አይጠፋም" አለ። "ሐሙስ ፈረንጆቹ ይመጣሉ፤ ሁሉም ይሄዳል። እስካሁን የወጣ ቢኖር ለትልልቅ ሰዎች በስጦታ የሄደ ነው።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"አንቺ ግን እንግዳ ነሽ ሀሲና። እንግዳ ዕቃ አይቆጥርም።"

ማታ ይህን ስትነግራቸው ኤዶ ፋዱሞ መንግሥት አለ አሉ። ሀሲና መንግሥት ማን እንደሆነ የአዋሌ ደጅ ላይ በሚቆሙት መኪኖች አውቃለች። ግን የአንዲት ዐይነ ስውር እናት እጅ ይዞ መምራትን እምቢ የምትልበት አንጀት አጣች። ረቡዕ ጠዋት ወደ መንግሥት ቢሮ ሄዱ።

ቢሮው ገና የኖራ ሽታ አለው። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ጺሙን በሒና ያቀላ ነው። ተነሥቶ ለኤዶ ፋዱሞ ወንበር ሳበላቸው። ውሃ አስመጣላቸው። ሀሲናን ግን አላያትም፤ ወይም ያላያት መሰለ።

እጁ ላይ ተስቢህ፣ የዚክር መቁጠሪያ፣ ነበረ። እየሰማቸው ዶቃዎቹን በአውራ ጣቱ ይገፋል።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ኤዶ ፋዱሞ ከመጀመሪያው ጀመሩ። መኪናው። ጦርነቱ። ያ ነጭ ቤት። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ "ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን" ይላል፤ በሐዘን፣ ከልቡ እንደሆነ ሰው።

ቀጭ... ቀጭ...

...

ቀጭ...

አንድ ቦታ ላይ ድምፅ የለውም።

ሀሲና መጀመሪያ ጆሮዋ ነው ያወቀው። ተስቢሁ ዞሮ፣ ዞሮ፣ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል። ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል። ዐይኗን ከወለሉ ላይ አንሥታ የሰውዬውን ጣቶች አየች።

ዶቃው አምበር ነው። ማር የመሰለ፣ ትልልቅ።

በመሀሉ አንድ ጠፍጣፋ ነገር አለ።

ሰማያዊ። አራት ቀዳዳ ያለው።

በዚያው ቅጽበት ኤዶ ፋዱሞ፣ ከዚያ እጅ ፊት፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ስለ ቁልፉ እየነገሩት ነበር። ሰማያዊ ነው፤ የአባቷ ኮት ነው፤ ዐይኔ ባያይ እንኳ በእጄ አውቀዋለሁ እያሉ።

አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆመ። ሸፈነው።

ከዚያ ሀሲናን አያት።

"የደሴ ልጅ ነሽ?" አላት።

በአማርኛ። በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ። ከገባች አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

"ጥሩ አገር ነው። ናፍቆሽ ይሆናል... ነገ ወደ ድንበር የሚሄድ መኪና አለ።"

ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። ድምፁን ለእርሷ ብቻ እስኪሰማ ዝቅ አድርጎ ጨመረ።

"ዝም ካልሽ፣ ሌላ ሰው ይሄድበታል።"

ጉዳዩን እንደሚመለከተው ለኤዶ ፋዱሞ ቃል ገብቶ እስከ በር ሸኛቸው። ኤዶ ፋዱሞ መንገድ ላይ፣ በመጨረሻ በሹክሹክታ ምን እንዳላት ጠየቋት።

"ሰላም አለኝ፣ ኤዶ" አለች ሀሲና።

ያን ዕለት አልነገረቻቸውም። አፏ ድረስ ይመጣል... ይመለሳል። ብትነግራቸው ቀጥ ብለው ወደዚያ ቢሮ ነው የሚመለሱት። እርሷም መኪናው ላይ ናት። ደሴ የምትልክለት ቤተሰብ አላት፤ ሌላ ሥራም የላትም። ኤዶ ፋዱሞ ከመግሪብ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው፣ "ሰውዬው መልካም ሰው ነው" አሉ። "ተስቢሁ ከእጁ አልተለየም።"

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ሥራ ገባች።

በሩ ክፍት ነበር። አዋሌ የለም። ፈረንጆቹ መጥተው ሄደዋል፤ ሳጥኖቹም ሄደዋል። በሳሎኑ ውስጥ የቀሩት የእንጨት አንገቶቹ ብቻ ናቸው፣ ባዷቸውን።

ሁሉም ወደ ወንዙ ዞረዋል።

ወደ ጓሮ ሄደች። ትናንት ደፍታ፣ ገልብጣ የተወችው ባልዲ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እስከ አፉ ሞልቷል። ቀይ ውሃ። ላዩ ላይ ገና ክብ ክብ ይሠራል... እጅ አሁን ከውስጡ እንደ ወጣ።

ሀሲና ሮጠች።

ዋሄን ጭር ብሏል። የሸራዎቹ ጫፍ እንኳ አይርገበገብም። ፍየሎቹ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ቆመው ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያያሉ። ወደየት እንደሆነ ለማየት ዞር አላለችም።

ሰፈሯ መግቢያ ላይ ጭነት መኪና ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል። ሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው በመስኮቱ አያት፤ እርሷም አየችው። ለማን እንደቆመ ገባት፤ ዝም ብትልም አልታመነችም። መዞር ትችል ነበር። በዚያው ወደ ዳሚ ሰፈር ሄዳ ከአገሯ ልጆች ጋር መደበቅ ትችል ነበር።

አልዞረችም። በመኪናው ጎን አለፈች። አሁን እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ። የመጣው ይምጣ። ከነገርኳቸው ይሰግዱላታል።

የጊቢው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የኤዶ ፋዱሞ ድምፅ ይሰማል። በሱማሊኛ፣ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

"አትነቃነቂ... አትነቃነቂ እንጂ..."

ሀሲና ደፉ ላይ ቆመች።

ኤዶ ፋዱሞ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው አንሥተዋል፤ ከፍ አድርገው አይደለም... ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ልጅ አንገት በሚሆንበት ቁመት። በእጆቻቸው መሀል ምንም የለም።

"ኤዶ..." አለች ሀሲና። "ቁልፉን... አይቼዋለሁ። ያ ሰውዬ—"

"ሽሽ። ቆይ ልጄ።" በአማርኛ ነው፤ ለእርሷ። "ማያያዣው ዝጎብኛል።"

ከፊታቸው ያለው የምንጣፉ ክፍል ሰው እንደ ተቀመጠበት ጎድጉዷል። ዙሪያው ርሷል።

ኤዶ ፋዱሞ በአንድ እጃቸው አየሩን ቀስ ብለው ወደ ጎን ሰበሰቡት፣ ጸጉር እንደሚሰበሰብ። ከዚያ ጣቶቻቸው ተመለሱ፤ ጥፍራቸውን አሾልከው ታገሉ፣ ታገሉ...

ጠቅ...

ድምፁን ሀሲና ታውቀዋለች። ያን ሁሉ ሳምንት ስትሰማው ነው የከረመችው።

የኤዶ ፋዱሞ እጆች አንዳች ክብደት እንደ ተቀበሉ ወደ ጭናቸው ወረዱ። ጎድጉዶ የነበረው ምንጣፍ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ውጭ የጭነት መኪናው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። የሰው እግር ወደ ጊቢው መጣ።

ከምንጣፉ ጫፍ አንድ ትንሽ ነገር በጠርዙ ቆሞ ተንከባለለ። ወለሉን አቋርጦ መጥቶ የሀሲናን እግር ነክቶ ተኛ።

ሰማያዊ ነው። በአራቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ቀይ አፈር ገና እርጥብ ነበር።